በቀይ ዓሣ የተለወጠ ጋቢ

የጋሽ ደምለውን ሞት የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ ነው። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አበበች ቆማ አየኋት። በመካከላችን ባጃጅ ይርመሰመሳል፣ የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ያጓራል፤ ስለዚህ ለመጣራት አልደከመችም። መጀመሪያ በሁለት ጣቷ ጆሮዋን ይዛ ጠምዘዝ አደረገች። ቀጥላ መዳፏን ከፍ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደች። ጆሮ መጠምዘዝ በእኛ ክፍል የጋሽ ደምለው ስም ነበር። መዳፍ ወደ ታች ማውረድ ደግሞ "ማሽኑ ቆመ" ማለት ነው። አስፋልቱ መካከል ቆሜ ቀረሁ። አንድ ባለባጃጅ "እማዬ፣ ይሻገራሉ ወይስ እዚሁ ያድራሉ?" ብሎ ባይጮኽብኝ ኖሮ ወዲያው ተከትያቸው በሄድሁ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እኔ፣ አበበችና ጋሽ ደምለው በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል አብረን ሠርተናል። እኛ ሸማኞች ነን፤ እሳቸው የማሽን ጠጋኝ ነበሩ። የዚያን አዳራሽ ጩኸት ላልሰማው ሰው መንገር አይቻልም። እዚያ ውስጥ ሰው ሲጮኽ ራሱንም አይሰማም። ስለዚህ የምናወራው በእጅና በከንፈር ነበር። ክር ሲበጠስ፣ ማግ ሲያልቅ፣ አለቃ ሲመጣ፣ ለሁሉም ምልክት አለ። ሐሜቱም በእጅ ነው፤ እንዲያውም እንደ እጅ ሐሜት የሚጥም አላየሁም፣ የሚታማው ሰው አጠገብህ ቆሞ ይታማል።

ይህን ቋንቋ ያስተማሩኝ ጋሽ ደምለው ናቸው። ማሽን ሲበላሽ መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት የራሳቸውን ጆሮ ጠምዘዝ አድርገው ያዳምጡ ነበርና ስማቸው ከዚያ ወጣ። የተቀጠርሁ ቀን በምሳ ሰዓት ውጭ አስቀምጠው፣ "ስሚ አንቺ ልጅ፣ አፍ ዋሽቶ መኖር ይችላል። እጅ ግን ሥራ ስለለመደ ውሸት አይሆንለትም" አሉኝ። የሌላውን እጅ እንጃ፣ የእሳቸው እጅ ግን በእርግጥ አይሆንለትም ነበር። ከፋብሪካ ውጭም ማውራቱን አይተውም። ሰው "እንዴት ሰነበቱ?" ሲላቸው አፋቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና" ይላል፤ እጃቸው ከጭናቸው አጠገብ "ወገቤን ቆርጦኛል" ይላል። አንዳንዴ ሳያውቁት ነው የሚናገረው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ፊታቸው ሐዘን መስሎ እጃቸው "ንፍሮው ጥሬ ነው" ሲል አይቼ አፌን በነጠላዬ የያዝሁበት ቀን አለ።

ጆሯቸው ግን በማሽኑ ጩኸት ገና በጎልማሳነታቸው ደክሞ ነበር። ሲያንሾካሾኩ ጎረቤት ይሰማል። በቅዳሴ መካከል ለሚስታቸው "ሽሮው ላይ እሳት ትተሽ መጥተሻል ወይ?" ብለው በሹክሹክታ ሲጠይቁ ዲያቆኑ ዞሮ እንዳያቸው አበበች በታቦት ትምላለች።

ሚስታቸው እትዬ የሻረግ ከሐይቁ ማዶ የመጡ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። ፋብሪካ ረግጠው ስለማያውቁ የባላቸው እጅ የሚያወራውን አንድም አያነቡም፤ "ይህ እጅህ ደግሞ ምን ይቀባጥራል?" ይሉ ነበር። እትዬ የሻረግ አይምሉም፣ አይገዘቱም፤ አየሁ ካሉ አይተዋል፣ አላየሁም ካሉ አላዩም። በሰፈራችን ሁለት ሰው ሲጣላ ቀበሌ ከመሄዱ በፊት እሳቸው ደጃፍ ይቆማል። ክፉ አይደሉም፤ ብቻ እሳቸው ፊት ማጋነን አይቻልም።

እንግዲህ አንድ ዓመት ጋሽ ደምለው ኮከብ ሠራተኛ ተብለው ተመረጡ። ሽልማቱ ከየፋብሪካው ከተመረጡ ሠራተኞች ጋር ምጽዋ ሄዶ ቀይ ባሕር ዳር ማረፍ ነው። ከእኛ መካከል ምጽዋን ያየ ማንም አልነበረም። ውኃ ዳር መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል፤ ውኃ ዳር ደግሞ ብርድ አለ። የጣናን የማለዳ ብርድ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይላል? እትዬ የሻረግ ክረምቱን ሙሉ በእጃቸው ፈትለው፣ አሠርተው፣ አንድ እንደ ፍራሽ የሚከብድ ጋቢ አስታጥቀው ሸኟቸው። እኔም ከሸኚዎቹ አንዷ ነበርሁና "ጋሼ፣ ማታ ማታ ጆሮዎን ይሸፍኑ" ብዬ መክሬያለሁ።

በአሥራ አምስት ቀናቸው ሲመለሱ ጀርባቸው እንደ ድንች ተልጧል። ዓይናቸው ዙሪያ ክብ ምልክት አለ። ጋቢው የለም። በጋቢው ፋንታ በፌስታል የተጠቀለለ የላስቲክ መነጽርና አንድ ጫፉ የታጠፈ ቱቦ ይዘዋል።

"ጋቢው የት አለ?" አሉ እትዬ የሻረግ፣ ገና ደጃፍ ላይ።

ታሪኩ እንዲህ ነው ይላሉ ጋሽ ደምለው። ምጽዋ ሲደርሱ ሙቀቱ ሊገድላቸው ነው፤ ጋቢውን ያየ ሁሉ "የታመመ ሰው አለ ወይ?" ይላል። በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወደ አንድ ደሴት ወሰዷቸው። አብሯቸው የሄደ አንድ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ነበር። ሰውየው መነጽሩን ፊቱ ላይ አጥብቆ፣ ቱቦውን ነክሶ፣ ጀርባው ከላይ ፊቱ ከውኃ በታች ሆኖ ይንሳፈፋል። ለጋሽ ደምለውም አዋሳቸው። ጋሽ ደምለው የጀልባውን ገመድ በአንድ እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ነከሩ፤ እስከ ቀትር ድረስ የሚያነሣቸው አልተገኘም። ጀርባቸው የተላጠው ያን ቀን ነው። የመመለሻው ዕለት መሐንዲሱ ጋቢውን እየዳሰሰ "በአገሬ በረዶ አለ" ብሎ በምልክት አሳያቸው። በምልክት የመጣባቸውን ሰው ደግሞ እሳቸው እንቢ ማለት አይችሉም። ጋቢው ሄደ፣ መነጽሩ ቀረ።

"እና በመነጽሩ ምን አየህበት?"

"ዓሣ።"

"ዓሣ ጣና ውስጥ ሞልቶ የለም?"

"ቀይ ዓሣ ነዋ! ቢጫ ዓሣ! ሰማያዊ ሆኖ እንደ ነጠላ ጥለት ያለው ዓሣ! የሻረግ፣ ማቅለሚያ ክፍላችን ያን ቀለም አያውቀውም!"

እትዬ የሻረግ ቁጭ አሉ። "እኔ ሐይቅ ዳር ተወልጄ ነው ያደግሁት" አሉ ረጋ ብለው። "ቀረሶ አውቃለሁ። አምባዛ አውቃለሁ። ነጭ ዓሣ አውቃለሁ። ቀይ ዓሣ ግን አላውቅም። ለቀይ ዓሣ ብሎ ጋቢ የሚሰጥ ሰው፣ ጋቢውን የጣለበትን ቤት ቢናገር ይሻለዋል።"

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ነገሩን ያከረረው ዓሣው ሳይሆን ጋቢው ነው። ቀዩ ዓሣ እውነት ከሆነ ፈረንጁም እውነት ነው፤ ቀዩ ዓሣ ውሸት ከሆነ ጋቢው ምጽዋ ውስጥ የአንዲት ሴት አልጋ ላይ ነው። "ቀይ ዓሣህን በዓይኔ እስካላይ ድረስ ሌላ ጋቢ ከእጄ አትለብስም" ብለው ፈረዱ። የእሳቸው ፍርድ ይግባኝ የለውም። ጋሽ ደምለው ዓመቱን ሙሉ የፋብሪካችንን አቡጀዲ አራት ደርበው ሲለብሱ ከረሙ። ሰንበት ጠዋት ሲያልፉ "መግነዙን አስቀድመው ለበሱት ወይ?" የሚላቸው አይጠፋም ነበር። አንዷ ባይ እኔ ነኝ፤ አልክድም።

በፋብሪካም አላረፉም። ከጉዞ የተመለሰ ኮከብ ሠራተኛ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተሞክሮውን ማቅረብ አለበት። ጋሽ ደምለው መድረክ ላይ ወጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዓሣ ብቻ ተናገሩ። ስለ ላብ አደሩ አንድ ቃል የለም። የካድሬያችን የጓድ ፈለቀ ፊት እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ "ጓድ ደምለው፣ ለመሆኑ ከዓሣዎቹ ምን ትምህርት ቀሰሙ?" ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ደምለው አሰቡ። "ጓድ፣ እኔን የገረመኝ" አሉ፣ "አንድም ሰብሳቢ የላቸውም፤ መቶው ግን በአንድ ጊዜ ይታጠፋል።"

ጓድ ፈለቀ ደብተሩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ሁለት ሳምንት ያህል ለጋሽ ደምለው እንቅልፍ አጣን። ኋላ ጸሐፊዋ እንደነገረችን የጻፈው "የዓሣ ሀብታችን ጥናት ያስፈልገዋል" የሚል ኖሯል። ያም ሆኖ "ባለ ቀይ ዓሣው" የሚለው ስም ከአዳራሹ ወጥቶ ከተማውን ዞረ። ማሽኑ በአራት ሰዓት ይነሣል ሲሉ ሰዓት የሚሞላባቸው ሰው፣ አሁን ማሽኑ ይነሣል ሲሉ "ቀይ ነው ቢጫ?" እየተባሉ ይጠየቁ ጀመር። ይህ ነው የጎዳቸው። ይስቃሉ እንጂ እጃቸው "ደክሞኛል" ይል ነበር።

በዓመቱ፣ በጥር፣ የሠራተኛ ማኅበሩ የእሑድ ሽርሽር አዘጋጀና የሞተር ጀልባ ተከራየ። ጋሽ ደምለው ስማቸውን ከሁሉ በፊት አስመዘገቡ፤ የእትዬ የሻረግንም ስም አብረው። በጥር ሐይቁ ይረጋል፤ አንድ ድንጋያማ ደሴት ጥግ ውኃው እስከ ሥሩ ይታያል ብለው አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነግሯቸዋል። "ቀይም ባይሆን ዓሣው ከታች እንዴት እንደሚኖር ትይ። ያን ካየች የቀረውን ታምነኛለች" አሉኝ። ከሽመና ክፍል እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን፤ ሌላው ፈረቃ ላይ ነው። የቀሩት የቢሮና የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች ናቸው። ጓድ ፈለቀም ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከፊት ተቀምጧል።

ዕድል የላቸውም፤ ቅዳሜ ማታ የተነሣ ነፋስ ሲነፍስ አድሮ ሐይቁን አናውጦታል። ደሴቱ ጥግ ስንደርስ ውኃው አጓት መስሏል። ቢሆንም ጋሽ ደምለው መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ቱቦውን ነከሱ፣ በጀልባው ጠርዝ ላይ በሆዳቸው ተኙ። እኔ ቀበቷቸውን ያዝሁ። ፊታቸውን ነከሩት። ጀልባው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

ግራ እጃቸው በእኔ በኩል፣ ከጀልባው ጠርዝ በታች ተንጠልጥሎ ነበር። ቀስ ብሎ ጨበጠና ተከፈተ፤ መዳፉም ተገለበጠ። "ማግ አልቋል። ባዶ ነው።" ከእኔ በቀር ማንም አላየም። ለእኔ ብለው የተናገሩትም አይመስለኝም፤ እጃቸው ነው የተናገረው።

ብድግ አሉ። ውኃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል።

"እህስ፣ ጓድ ደምለው" አለ ጓድ ፈለቀ፣ "ቀዩ ዓሣ ደኅና ነው?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጋሽ ደምለው ቱቦውን ከአፋቸው አውጥተው የሆነ ነገር ሊናገሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ ከንፈር ማንበብ አውቃለሁ፤ "የለም" ሊሉ ነበር።

"ወዲህ በለው" አሉ እትዬ የሻረግ።

መነጽሩን ከእጃቸው ወሰዱ። ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱ። የመሪጌታ ልጅ፣ ባለትዳር፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ሻሻቸውን ሲፈቱ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ደሴቱ አዞሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ በትእምርተ መስቀል አማተቡ፣ በሆዳቸው ተኙ። ጋሽ ደምለው መቀነታቸውን ይዘዋል። ከሁሉ የረዘመ ጊዜ ቆዩ። ሲነሡ ፊታቸው ላይ የላስቲኩ ክብ ታትሟል። ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ።

"አየሁ" አሉ።

"ምን... ቀይ?" አለ ጓድ ፈለቀ።

"ቀይም አለ። ቢጫም አለ። ምን የሚያስቅ ነገር አለበት?"

እትዬ የሻረግ አየሁ ካሉ አይተዋል። የሚስቅ ጠፋ። ወዲያው ሁሉም መነጽሩን ለመልበስ ተሰለፈ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እዚያ አጓት ውስጥ ፊቱን ነክሮ ምንም አላየሁም ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። የሒሳብ ሹሙ አንድ ቢጫ አየ። ጓድ ፈለቀ ሦስት አየ፤ ሁለቱ ቀይ ናቸው አለ፣ ለአብዮቱ ቀለም ብሎ ሊሆን ይችላል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ፊቴን ነክሬ ጭቃ አየሁና "አየሁ" አልሁ። ቀና ስል ጋሽ ደምለው እያዩኝ ነው። እጃቸው ከጭናቸው አጠገብ ወደ ፊት ገፋ ገፋ አደረገ። ትንሽ ጉድለት ያለበት ማሽን እንዳይቆም ስንፈልግ እንዲህ እናደርጋለን፤ "ይሂድ፣ አታስቁሚው" ማለት ነው። እኔም አላስቆምሁትም።

በሳምንቱ እትዬ የሻረግ ጥጥ ገዙ። አዲሱ ጋቢ ሲያልቅ ጥለቱ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነበር። ለወንድ ጋቢ እንዲህ ያለ ጥለት አይቼ አላውቅም። ጋሽ ደምለው ለብሰውት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከሩቅ ያስታውቃሉ፤ በአቡጀዲው የቀለዱ ሁሉ አሁን ደግሞ "ሙሽራው" አላቸው። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ማሽኑ በአራት ሰዓት ይነሣል ካሉ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ደርግ ወደቀ፣ ጓድ ፈለቀም የት እንደገባ አይታወቅም፣ እኛም ጡረታ ወጣን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እነ ጋሽ ደምለው ቤት ጎራ እል ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለው፣ በዚያ ጎረቤት በሚሰማው ድምፃቸው "የሻረግ፣ እስኪ ሐይቁ ውስጥ ያየሽውን ንገሪያቸው" ይሉ ነበር። እትዬ የሻረግ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ኋላ ይጀምራሉ፤ ቀዩ ዓሣ እንዲህ፣ ቢጫው እንዲያ። በየዓመቱ አንድ ዓሣ ይጨመራል። "ከቢጫው ኋላስ ምን መጣ?" እያሉ ይጎተጉታሉ ጋሽ ደምለው። ጨዋታ ወዳድ ናቸው ብዬ አልፈዋለሁ።

ከቀብር በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ሰው ሲቀል እትዬ የሻረግ ጓዳ ጠሩኝ። ጋቢው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ተቀመጥን።

"ብርቄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ። "ያን ቀን ሐይቁ ላይ ምንም አላየሁም። ጭቃ ነው ያየሁት።"

ተነሥቼ የጓዳውን በር ገርበብ አደረግሁት።

"ሰው ፊት ሊዋረድ አፉን ሲከፍት አየሁታ። የጋቢው ነገር የእኔና የእሱ ነው፤ ፈለቀ ምን አግብቶት ይስቃል? በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ዋሸሁ። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ፤ ሃምሳ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድሁ። በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እሱ ግን ሰው በመጣ ቁጥር ንገሪያቸው ይላል። እምቢ ብል ያፍራል። አንድ ዓሣ ስጨምር ሃምሳ ስግደት፤ ሌላ ስጨምር ሌላ ሃምሳ። ጉልበቴን የጨረሰው እርጅና መሰለሽ?" እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ኋላ ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ያን ቀይ ዓሣ በዓይኔ በብሌኑ አየሁት። እውነቱን ኖሯል! ጋቢውም እውነት፣ ፈረንጁም እውነት። እየሮጥሁ ልነግረው ስነሣ ትዝ አለኝ፤ ለካ እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ! ምን ብዬ ልንገረው? ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ። አሁን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። አምኖኝ ሄደ፤ እያታለልሁት ሞተብኝ።"

ጋሽ ደምለው "አታስቁሚው" ብለውኝ ነበር። ግን ማሽኑ ቆሟል፤ እትዬ የሻረግ ደግሞ ፊቴ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

"አልተታለሉም፣ እትዬ" አልሁ። "እርስዎ መነጽሩን ሳይወስዱ፣ ፊታቸው ውኃው ውስጥ ሳለ እጃቸው ነግሮኛል። ባዶ ነው ብሎ።"

"የቱ እጁ?"

"ግራው። እርስዎ አየሁ ሲሉ ለእሳቸው ብለው እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቷቸዋል። እኔንም ዝም በይ አሉኝ፤ ዝም አልሁ።"

"ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው።"

እትዬ የሻረግ እንባቸውን መጥረጉን ተዉት። ልቅሶው የሚብስባቸው መስሎኝ ልደግፋቸው ተጠጋሁ። "ታዲያ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እያወቀ ነው ይህን ሁሉ ዘመን 'ከቢጫው ኋላስ ምን መጣ' ሲለኝ የኖረው?"

ከዚያ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነበር የሳቀው፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን ይዘው፣ በመጨረሻ ድምፃቸውን ለቀው። ከድንኳኑ ሴቶች "ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?" እያሉ ሮጠው ገቡ። እሳቸው ማንንም አላዩም። እንባቸው እየወረደ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ጋቢ ተመለከቱ።

"ቆይ አንተ!" አሉት። "ቆይ ብቻ፣ አገኝህ የለም!"